የ2020 የአሜሪካ ምርጫ ሌሊት ተገልብጧል ወይስ አልተገለበጠም? ከወንድሜ ጋር አጣልቶኛል

አሌክሳንድሪያ_ነኝ

ሰላም እንዴት ናችሁ። የዘንድሮው የ2024 ምርጫ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። እኔ ደግሞ ከታላቅ ወንድሜ ጋር ከተነጋገርን ወር አልፎናል። ያጣላን ያለፈው የ2020ው ምርጫ ነው።

ነገሩ የተነሳው እንቁጣጣሽ ዕለት እኔ ቤት ነው። ዶሮው ቀርቧል። ልጆቹ አበባየሆሽ ጨፍረው ጨርሰው ምድር ቤት ወርደዋል። በዋዜማው ማታ ትራምፕና ካማላ ሃሪስ ፊላዴልፊያ ላይ ተከራክረው ስለነበር ቴሌቪዥኑም እሱን ብቻ ነው የሚያወራው። የባለቤቴ ዘመድ «ይሄ ሰውዬ እኮ በ2020ም ተሸንፎ እምቢ ያለ ነው» ስትል ወንድሜ እጁን ከገበታው አነሳ። «ማን ነው የተሸነፈው? ስተኛ እየመራ ነበር፣ ስነሳ ተገልብጦ ጠበቀኝ። ይሄ ምርጫ ነው?» አለ። እኔም አላስችል ብሎኝ «አንተን እኮ ያበላሸህ ዩቲዩብ ነው» አልኩት። ሰው ፊት። ያሳደገኝ እሱ ነው፣ እዚህ አገር ያመጣኝም እሱ ነው። ምንም ሳይመልስልኝ ጃኬቱን አንስቶ ወጣ። የጠቀለልኩለት ጉርሻ እጄ ላይ ቀረ።

ወንድሜ ዱሮ ሪፐብሊካን አልነበረም። በ2008 ለኦባማ ሲመርጥ አብሬው ሄጃለሁ። ኦክቶበር 2020 ላይ ትራምፕ ግብጽ ግድቡን ልታፈነዳው ትችላለች ያለ ጊዜም ከሁላችንም በላይ የተናደደው እሱ ነው። ልቡ የዞረው በጦርነቱ ጊዜ ነው። ባይደን በ2021 የማዕቀብ ትዕዛዝ ሲፈርም፣ ቀጥሎም ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ከቀረጥ ነጻው የንግድ ዕድል፣ ሲያስወጣ ቆረጠለት። ያን ዓመት ለቨርጂኒያ ገዥነት ሪፐብሊካኑን ያንግኪንን መረጠ። ይሄ ይገባኛል። የማይገባኝ የ2020ው ነገር ነው።

እስቲ የምታውቁ አስረዱኝ፤ ቁጥሩ ሌሊት የተቀየረው ለምንድነው? እውነቱን ለመናገር «ውሸት ነው» ከማለት ሌላ የምመልስለት ነገር የለኝም። ስድብ ግን አልፈልግም፣ ወንድሜ ነው።

ፊሊ_ሹፌር

እህቴ፣ እኔ ፊላዴልፊያ ነው የምኖረው፤ ያን ሳምንት ቆጠራው ይካሄድ በነበረበት የስብሰባ አዳራሽ በር ላይ ስንት ጊዜ ሰው እንዳወረድኩ እኔ ነኝ የማውቀው። በአንዱ በኩል ከበሮ፣ በሌላው በኩል «ቆጠራውን አቁሙ» የሚል ሰልፍ።

የተገለበጠ ነገር የለም። የዘገየ ቆጠራ ነው። ያዘገየው ደግሞ ሕጉ ነው። ፔንሲልቬኒያ ውስጥ በፖስታ የመጣ ድምጽ ከምርጫው ዕለት፣ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 ሰዓት በፊት አይከፈትም። ክልክል ነው። በ2020 ደግሞ በኮቪድ ምክንያት የመጣው የፖስታ ድምጽ 2.6 ሚሊዮን ገደማ ነበር። አንዱን ብቻ አስቢው። የውጪው ፖስታ ላይ የመራጩ ስምና ፊርማ አለ፤ እሱ ይታያል። ከውስጡ ምንም ያልተጻፈበት ሌላ ፖስታ ይወጣል። እሱም ይቀደዳል። ታጥፎ የኖረው ወረቀት ይዘረጋል፣ ይስተካከላል፣ ከዚያ ገና ነው ማሽን ውስጥ የሚገባው። ይሄን በሚሊዮን አባዢው።

በአካል የተሰጠው ድምጽ ግን ያኑ ማታ ያልቃል። በአካል የወጣው ማነው? አብዛኛው ሪፐብሊካን ነው፣ ምክንያቱም ትራምፕ ራሱ በጋውን ሙሉ «የፖስታ ድምጽ አትመኑ» ሲል ነው የከረመው። ዴሞክራቱ በሽታውን ፈርቶ በፖስታ ላከ። ስለዚህ ማክሰኞ ማታ ትራምፕ በሰፊው ይመራል፣ ፖስታው እየተከፈተ ሲሄድ ይጠባል፣ አርብ ጠዋት ባይደን አለፈው። በመጨረሻ ልዩነቱ 80 ሺህ ገደማ ሆነ። ይሄ እንደሚሆን ደግሞ ከምርጫው በፊት ሲነገር ነበር።

ፍሎሪዳን ለወንድምሽ ጥቀሺለት። እዛም ብዙ ሰው በፖስታ ነው የመረጠው፣ ግን ፖስታውን ቀደም ብሎ ማዘጋጀት ይፈቀዳል፣ ማታውኑ ውጤቱ ታወቀ፣ ትራምፕ አሸነፈ። ያው ፖስታ ነው። የተለየው የሚከፈትበት ቀን ነው።

እኔን እስከዛሬ የሚያንገበግበኝ ይሄን ሕግ ለማስተካከል አራት ዓመት ነበራቸው። ሚሺጋን አስተካከለች። የእኛዎቹ ሁለቱ ፓርቲዎች ሲጓተቱ ዘንድሮም እዛው ነን። ማክሰኞ ማታ የምታዩት ቁጥር ረቡዕ ላይ ሌላ ሊሆን ይችላልና ከአሁኑ ንገሪው።

የሪችመንዱ

እኔ ዘንድሮም የምመርጠው ትራምፕን ነው፣ ከወዲሁ ልናገር። ስለ ፖስታው ፊሊ_ሹፌር ያለው ልክ ነው፣ አልከራከርም። ግን እህቴ፣ «ዩቲዩብ ነው ያበላሸህ» ያልሽው ልክ አልነበረም። የወንድምሽ ጥርጣሬ ከባዶ አልመጣም።

ያን ዓመት ሕጎች በመሃል ተቀያይረዋል። ለምሳሌ የፔንሲልቬኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፖስታው ከምርጫው በኋላ እስከ ሦስት ቀን ቢደርስ ይቆጠር ብሎ ወሰነ፣ የምክር ቤቱ ሕግ ግን የምርጫው ዕለት ማታ ነበር የሚለው። ጉዳዩ ዋሽንግተን፣ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲደርስ ዳኞቹ 4 ለ 4 እኩል ተከፈሉ። አውቃለሁ፣ ዘግይቶ የመጣው 10 ሺህ አካባቢ ነው፣ ውጤት አይቀይርም። ግን ጨዋታው ተጀምሮ ሕግ ሲቀየር የተሸነፈው ወገን ምን ይሰማዋል?

ደግሞ በዚህ አገር ሽንፈትን አልቀበልም ያለ ትራምፕ ብቻ አይደለም። ጃንዋሪ 2017 ላይ የኮንግረስ ዴሞክራቶች እየተነሱ የትራምፕን የ2016 ምርጫ ድምጽ ሲቃወሙ ስብሰባውን ይመራ የነበረው ማን ነበር? ራሱ ባይደን። «አበቃ» ብሎ አስቀመጣቸው። በ2016 በትራምፕ የተሸነፈችው ሂላሪ ክሊንተንም በ2019 ትራምፕን ሕጋዊ ፕሬዚዳንት አይደለም ብላለች። ሚዲያው ይሄን አያነሳም፣ ወንድምሽ ግን ያስታውሳል።

አትላንታ_ቡና

@የሪችመንዱ ጋሼ፣ የተናገሩት እውነት ነው። ግን ሂላሪ በማግስቱ ወጥታ ተሸንፌያለሁ ብላለች። በ2017 የተቃወሙትን አንድም ሴናተር አልደገፋቸውም፣ በደቂቃዎች ውስጥ አለቀ። በ2021 ግን የትራምፕ ደጋፊዎች መስታወት ሰብረው ምክር ቤቱ ከገቡ በኋላ እንኳን 147 ሪፐብሊካኖች ውጤቱን ተቃውመው ድምጽ ሰጥተዋል። እኩል አያድርጓቸው፣ እባክዎ።

አሁን ስለ ጆርጂያ ልንገርሽ እህቴ፣ እኔ ያየሁት እሱን ነው። እዚህ ሦስት ጊዜ ተቆጠረ። ሁለተኛው 5 ሚሊዮን ወረቀት በሙሉ፣ አንድ በአንድ፣ በእጅ ነው። አዎ ስህተት ተገኝቷል፤ ፍሎይድ ካውንቲ ውስጥ 2,600 ገደማ ያልተቆጠረ ወረቀት ወጣ፣ ያም ትራምፕን ነው የጠቀመው፣ ተጨመረለትም። ለእኔ ቆጠራው እንደሚሠራ ያሳመነኝ ይሄ ነው። በመጨረሻ ልዩነቱ 11,779 ሆነ። ያንን ያጸደቀው የጆርጂያ ምርጫ ኃላፊ ራፈንስፐርገር ደግሞ ራሱ ሪፐብሊካን ነው፣ ለትራምፕ የመረጠ ሰው። ትራምፕ ደውሎ 11,780 ድምጽ ፈልግልኝ ሲለው እምቢ አለ። 5 ሺህ የሚጠጋ ሙት መርጧል ተብሎም ነበር። ተመርምሮ የተገኘው 4 ነው።

ግን እኔን ያስለቀሰኝ የእናትና የልጇ ነገር ነው። ሁለቱም እዚህ አትላንታ ድምጽ ሲቆጥሩ ያደሩ ሴቶች ናቸው። ቪዲዮ ወጣባቸው። እናትየው ለልጇ የሆነ ትንሽ ነገር በእጇ ስታቀብላት ይታያል። የትራምፕ ጠበቃ ጁሊያኒ ዩኤስቢ እየተቀባበሉ ነው አለ። አገር አመነ። ቤታቸው ድረስ ሰው መጣባቸው፣ እናትየው ቤቷን ጥላ ሸሸች። በኋላ ልጅቷን ኮንግረስ ፊት ምን ነበር የሰጠችሽ ብለው ጠየቋት። የዝንጅብል ከረሜላ ነው አለች። እናት ለልጇ ከረሜላ ስትሰጥ ነው ሌብነት የተባለው። ዲሴምበር 2023 ላይ ፍርድ ቤት ጁሊያኒን 148 ሚሊዮን ዶላር ክፈል አለው፣ ግን ያ ገንዘብ ስማቸውን እንደ ዱሮው ያደርግላቸዋል?

እኔ ሌሊት የምሠራ ሰው ነኝ። እናቴም እንደዛው ነበረች። ያቺን ሴትዮ ሳያት እናቴን ነው ያየሁት።

የሪችመንዱ

የከረሜላውን አላውቅም ነበር። እግዜር ይስጥሽ ልጄ። የ147ቱንም ተቀብያለሁ። ድምጼ ግን ያው ነው።

ፌርፋክስ_እናት

ልጆቼ፣ ሁላችሁም ጥሩ አስረድታችኋል። እኔ ከ2016 ጀምሮ ፌርፋክስ ካውንቲ ምርጫ ጣቢያ እሠራለሁ። ጠዋት ሳይነጋ ገብተን ማታ ነው የምንወጣው።

በሩ ሲዘጋ የምናደርገውን ልንገራችሁ። ማሽኑ ረጅም ወረቀት ያትማል፣ እንደ ግሮሰሪ ደረሰኝ፣ አንዳንዴ ከእኔ ቁመት ይበልጣል። የመጣው መራጭ ቁጥርና ማሽኑ የቆጠረው መግጠም አለበት። አንድ ሰው ከበዛ ወይም ከጎደለ ምክንያቱ ተፈልጎ ይጻፋል። ከዚያ ሁላችንም እንፈርማለን። አጠገቤ የሚፈርመው ሰውዬ ሪፐብሊካን ነው፣ እኔ ዴሞክራት ነኝ። ስምንት ዓመት አብረን ሠርተናል። እሱ ዶናት ያመጣል፣ እኔ ዳቦ ጋግሬ እመጣለሁ። ስለ ፖለቲካ ተነጋግረን አናውቅም፣ ቁጥር ላይ ግን አንድም ቀን ተጣልተን አናውቅም። የተመረጠበት ወረቀት ራሱ ታሽጎ ይቀመጣል፣ ማሽኑ ዋሸ የሚል ካለ ወረቀቱ አለ።

ወንድምሽን በቃል አታሸንፊውም የኔ ልጅ። ምርጫ ጣቢያ ገብቶ ቢሠራ ደስ ይለኛል። ሪፐብሊካን የሆነ ሠራተኛ ሁልጊዜ ያጥረናል፣ አማርኛ የሚናገር ደግሞ ከዚያም በላይ። ለዘንድሮ ምዝገባው ካለፈበት ለሚቀጥለው ይመዝገብ። መጀመሪያ ግን ይቅርታ ጠይቂው። ታላቅሽ ነው።

አሌክሳንድሪያ_ነኝ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ እትዬ እርስዎን በተለይ። ትናንት ደወልኩለት። ሁለት ጊዜ ጠርቶ ሲያነሳው ድምጼ ጠፋብኝ። በሰው ፊት እንደዛ ማለቴን ይቅር በለኝ አልኩት። «እሺ» ብቻ አለ።

ከዚያ የፖስታውን ነገር ጀመርኩለት። ፍሎሪዳን ሳነሳ «እና ፔንሲልቬኒያ ለምን አትቀይረውም ታዲያ?» ብሎ ተቆጣ፣ እኔም ሰዎቹም ይሄንኑ ነው የሚሉት አልኩት። ስለ 2020 አልተስማማንም። አሁንም አንድ ነገር ነበረበት ይላል። ስለ እናትና ልጇ ስነግረው ግን ብዙ ጊዜ ዝም አለ። ልጅቷ ስንት ዓመቷ ነው ብሎ ጠየቀኝ። አላውቅም አልኩት።

ማክሰኞ ማታ ከሥራ ሲወጣ እኔ ጋ ይመጣል። ዶሮ ሥሪ ብሏል።