የድንጋይና የጭቃ ቤቶችን ከጥገና በፊት እንዴት እንመዝግብ? (ኮረሚና አካባቢዋ)

ነጃት፣ ሐረር፦
ሰላም ለሁላችሁ። ኮረሚን ጨምሮ ከኤረር ሸለቆ በላይ ባሉ መንደሮች በድንጋይና በጭቃ የተሠሩ፣ ጣሪያቸው ጠፍጣፋ አፈር የሆኑ የቆዩ ቤቶችን ልንመዘግብ ነው። ያለን መሣሪያ ሜትር፣ ቱንቢ፣ ውሃ ልክና የስልክ ካሜራ ብቻ ነው። ምን ምን ይለካ? ደግሞ ባለቤቶቹ እርጥበት የገባበትን ግድግዳ በሲሚንቶ መለሰን፣ ጣሪያውን ቆርቆሮ ማልበስ ይፈልጋሉ። ምን እንበላቸው?

ቱንቢ፦
እህቴ ነጃት፣ መሣሪያው ይበቃል። ከቤቱ በፊት ግን የውሃውን መንገድ ሣሉ። ጣሪያው ወዴት ያዘነብላል? አሸንዳው የሚተፋው ውሃ የት ያርፋል? ከላይኛው እርከን የሚወርደው ጎርፍ ግድግዳውን ይነካል? አብዛኛው ጉዳት ከዚህ ሥዕል ይነበባል።

ከዚያ ፕላኑ። የክፍሉን አራት ጎን ብቻ ለክታችሁ ከሄዳችሁ በኋላ ስትስሉት አይገጥምላችሁም፤ የእነዚህ ቤቶች ማዕዘን ቀጥ ያለ አይደለም። ሁለቱንም ሰያፍ ለኩ። የግድግዳውን ውፍረት በበሩና በመስኮቱ በኩል፣ ከታችም ከላይም ያዙ። ቱንቢውን ከላይ ጥላችሁ በየ50 ሴንቲ ሜትሩ ከገመዱ እስከ ግድግዳው ያለውን ርቀት ጻፉ። መሐል ላይ ርቀቱ ከጠበበ ግድግዳው ሆዱ ተነፍቷል። እዚያ ቦታ በመዶሻ እጀታ ቀስ ብላችሁ አንኳኩ። ባዶ ድምፅ ከሰጠ የውስጡና የውጩ ድንጋይ ተላቀዋል ማለት ነው፤ በቀይ ምልክት አድርጉበት።

ስንጥቅ ሁሉ አደገኛ አይደለም። ውስጡ አቧራና የሸረሪት ድር የያዘው የቆየ ነው፤ ጠርዙ ስለታም፣ ውስጡ ንጹሕ የሆነው አዲስ ነው። የተጠረጠረው ላይ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቀጭን መስታወት አጋድማችሁ ሁለቱን ጫፍ በጀሶ ያዙት፣ ቀኑንም ጻፉበት። ጀሶው ድንጋዩን መያዝ አለበት። ልስኑ ላይ ከተለጠፈ ልስኑ ራሱ ይላቀቅና ግድግዳው እየተንቀሳቀሰ መስታወቱ ሳይሰበር ይቀራል። አንድ ክረምት ሳያልፍ ፍርድ አትስጡ።

ሳሎን የምትገቡት በባለቤቶቹ ፈቃድ ነው። ቤቱን የሚመርገው ማን እንደሆነ፣ አፈሩ ከየት እንደሚመጣ፣ በስንት ዓመት እንደሚታደስ እዚያው ጠይቁ። ይህ ከልኬቱ እኩል ዋጋ አለው።

ሐኪም ጋራ፦
ቱንቢ የጣሪያውን ክብደት አልነካውም፤ እኔ ከእሱ እጀምር ነበር። ጣሪያው ባፈሰሰ ቁጥር አዲስ አፈር ይደለደልበታል፤ አሮጌውን የሚያነሣ የለም። 4 በ5 ሜትር በሆነ ክፍል ላይ 10 ሴንቲ ሜትር አፈር ሲጨመር 2 ሜትር ኩብ ነው፣ እርጥብ ሲሆን ወደ 3.5 ቶን ይጠጋል። ስለዚህ የአፈሩን ውፍረት በጠርዙ በኩል ለክታችሁ መዝግቡ።

ወራጆቹን፣ ማለትም ጣሪያውን የተሸከሙትን አግድም እንጨቶች፣ በሲባጎ ፈትሹ። ከጫፍ ጫፍ ወጥራችሁ መሐሉ ምን ያህል እንደወረደ ለኩ። ለ4 ሜትር ወራጅ ከ2 ሴንቲ ሜትር ካለፈ ክትትል ይፈልጋል። የቆየ እንጨት ዱሮ ጎብጦ እዚያው ሊረጋ ስለሚችል ጎበጠ ተብሎ ብቻ አይነቀል። የሚያስፈራው ግድግዳው ውስጥ የገባው ጫፍ ነው፤ መበስበስ የሚጀምረው እዚያ ነው። የሰፌድ መስፊያ ወስፌ ይዛችሁ ከግድግዳው ጥግ ውጉት። ጤነኛ እንጨት ገና ከላዩ እምቢ ይላል፤ ያለ ጉልበት ጠልቆ ከገባና ሲወጣ ዱቄት ካመጣ ምስጥ ወይም ብስባሴ አለ። ግድግዳው ላይ የምስጥ የጭቃ ቱቦ መኖሩንም እዩ።

አፈሩን ስትቀንሱ ከታች በድጋፍ እንጨት አስይዛችሁ፣ ላዩ ላይ ጣውላ ዘርግታችሁ፣ ከሁለቱም ጎን እኩል እየተነሣ ይሁን። አንድ ቦታ ከተቆለለ ጣሪያው የሚወድቀው ያኔ ነው። የተነሣው አፈር ተነፍቶ መልሶ ይሠራል። አዲሱ ወለል በሜትር ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ወደ አሸንዳው ያዘንብል፤ አሸንዳው ከግድግዳው ቢያንስ 40 ሴንቲ ሜትር ወጥቶ ይትፋ።

ቆርቆሮን በጠላትነት አላየውም። ግን አፈሩን ሳያነሡ ከላዩ ቆርቆሮ መምታት ክብደቱን እዚያው ትቶ ማፍሰሱን ብቻ መሸፈን ነው። ከሥር የሚበሰብሰውን ማንም አያየውም።

ጭቃና ጭድ፦
ስለ ሲሚንቶው። የጭቃ ግድግዳ ከመሬት እርጥበት ይስባል፣ በገጹም ያስወጣዋል። ሲሚንቶ ገጹን ሲዘጋበት ውሃው መውጫ ፍለጋ ወደ ላይ ይወጣል። ነጩ የጨው ምልክት ከሲሚንቶው በላይ የሚታየው ለዚህ ነው። ከጀርባ ጭቃው ይላላል፣ ልስኑ ግን ደህና ይመስላል፤ አንድ ቀን ሙሉ ገጹ ይገነጠላል።

የራሱን ጭቃ ስጡት። አፈሩን ለመለየት ባለ 1 ሊትር ጠርሙስ አንድ ሦስተኛ አፈር፣ የቀረውን ውሃ፣ ቆንጥር ጨው አድርጋችሁ በደንብ ናጡት። አሸዋው ወዲያው ይዘቅጣል፣ ሸክላው እስከ ማግሥቱ ይቆያል። ሸክላው ከበዛ ምርጊቱ ይሰነጠቃል። ስለዚህ አፈርና አሸዋ 1 ለ 1፣ 1 ለ 2፣ 1 ለ 3 ቀላቅላችሁ 50 በ50 ሴንቲ ሜትር ግድግዳው ላይ ሞክሩ፤ ሲደርቅ ያልተሰነጠቀውንና በጣት ሲታሽ የማይረግፈውን ምረጡ። ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር የተከተፈ የስንዴ ወይም የገብስ ጭድ ጨምሩና ጭቃው ተሸፍኖ፣ ውሃ እየጠጣ፣ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይቡካ። ግድግዳውን አርሳችሁ የመጀመሪያውን ንብር 2 ሴንቲ ሜትር አድርጉት። ሁለተኛው ከ1 ሴንቲ ሜትር ይቅጠን፤ በደንብ የተነፋ አፈር፣ ደቃቅ ጭድና እበት ይሁን። ጊዜው ጥቅምት ወይም ኅዳር ነው። በልግ እየገባ የተመረገ ሳይደርቅ ይታጠባል።

ነጃት፣ ሐረር፦
አላህ ይስጥልኝ። ቀድሞ ሲሚንቶ የተመታውን አሁኑኑ እናስነሣው? ፈቃድስ?

ጭቃና ጭድ፦
በዝናብ ወራት አትንኩት። መጀመሪያ ከግድግዳው ዙሪያ የተቆለለውን አፈር አንሡና መሬቱ በሜትር 5 ሴንቲ ሜትር ወደ ውጭ እንዲያዘነብል አድርጉ። ጥቅምት ላይ ከታች 50 ሴንቲ ሜትሩን ብቻ በመሮና በመዶሻ አስነሡ፤ ማሽን ድንጋዩን ያናጋዋል። አጥብቆ የያዘ ቦታ ካጋጠመ ተዉት፣ ድንጋዩን ይዞ ይመጣል። ግድግዳው እስኪደርቅ ሳይመረግ ይቆይ። ታችኛው ድንጋይ ተበልቶ ከሆነ ከ60 ሴንቲ ሜትር በማይበልጥ ክፍል እየዘለላችሁ ሙሉ፤ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ክፍሎች በአንድ ጊዜ አይከፈቱ።

ቱንቢ፦
ፈቃዱን በተመለከተ፣ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት በቅርስነት የተመዘገበ ቤት ያለ ቅርስ ባለሥልጣኑ ፈቃድ አይጠገንም። ቤቶቹ መዝገብ ላይ መኖር አለመኖራቸውን አሁኑኑ ባህልና ቱሪዝም ቢሮ አጣሩ። ፕላኑን፣ የስንጥቁን ፎቶና የጣሪያውን ውፍረት ከማመልከቻው ጋር አያይዙት።