ጎንደር አንድ ቀን ተኩል፦ ከፋሲል ግቢ ሌላ የት እንሂድ?

መንገደኛዋ፦
ሰላም ጎንደሮች። በሚቀጥለው ሳምንት ከእናቴ ጋር እንመጣለን። ያለን አንድ ቀን ተኩል ነው። እናቴን ጉልበቷን ያማታል፣ ግን ቤተ ክርስቲያን ሳትሳለም አትመለስም። ከግቢው ሌላ ምን እንይ? ደግሞ አንድ ጓደኛዬ «ግንቡን ፖርቹጋሎች ናቸው የሠሩት» ብሎ ድርቅ ብሏል። እውነት ነው?

ቀሐ ማዶ፦
ኑልን! ግቢውን በጠዋት፣ ፀሐዩ ሳይከር። ብዙ ሰው እንቁላል ግንብን ማለትም የፋሲልን ፎቶ ያነሳና ውልቅ ይላል፣ ያናድደኛል። ግቢው እኮ የአንድ ንጉሥ አይደለም። ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1636 ገደማ ከተማዋን ቆረቆረ፣ ከዚያ ልጁ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍቱን፣ ታላቁ ኢያሱ የራሱን ግንብ፣ ዳዊት የመዝሙር አዳራሹን፣ ቀጥሎ በካፋ፣ እቴጌ ምንትዋብም እንደዚሁ፣ ሁሉም የየራሱን እየጨመረ ነው የሞላው። የኢያሱ ግንብ የድሮው ጣሪያ አልተረፈም። የመሬት መንቀጥቀጥ ጎድቶታል፣ እ.ኤ.አ. በ1941 ደግሞ ጣሊያንን ለማስወጣት እንግሊዝ የጣለው ቦምብ አገኘው። እናትሽ ደረጃ አይውጡ፣ ከታችም ያምራል።

የድሮ ተማሪ፦
ጓደኛሽን በይልኝ፣ ፋሲል እኮ የፖርቹጋል ኢየሱሳውያንን፣ የካቶሊክ ሚስዮናውያኑን ማለቴ ነው፣ ከአገር ያባረረ ንጉሥ ነው። ግንቡ ላይ ከእነሱ ዘመን የተረፈ ሙያ አለበት፣ የህንድና የአረብ እጅም ይታያል፣ እሱን አልክድም። ግን ሁሉንም ለፖርቹጋል መስጠት ስንፍና ነው። ከግቢው ስትወጡ ጃን ተከል ዋርካን እዩት፣ ድሮ አዋጅ የሚነገርበት ነው።

አዞዞ፦
ለእናትሽ ደብረ ብርሃን ሥላሴ! ጣሪያው ሙሉ የመላእክት ፊት ነው፣ ቀና ብለሽ አንገትሽ እስኪደክም ታያለሽ። እ.ኤ.አ. በ1888 ደርቡሽ፣ የሱዳን መሐዲስት ጦር፣ የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት ሲያቃጥል ይቺ ተረፈች። ንብ ወጥቶ አባረራቸው ነው የሚባለው።
ከሰዓት የምንትዋብን ቁስቋም ቤተ ክርስቲያን፣ መኪና ይዛችሁ። የፋሲል መዋኛ ግን ውሃ አትጠብቂ፣ ከቀሐ ወንዝ የሚሞላው ለጥምቀት ነው። እኔስ ባዶውን እወደዋለሁ፣ የዛፉ ሥር አጥሩን እንዴት አንቆ እንደያዘው የሚታየው ሰው ሲቀንስ ነው።

መንገደኛዋ፦
አመሰግናለሁ! እናቴ የንቡን ታሪክ ሰምታ «መጀመሪያ ሥላሴ» ብላለች፣ ግቢው ለከሰዓት ተዛወረ 😄

አዞዞ፦
ልክ ናቸው። ነጠላ አትርሱ፣ ውስጥ ፍላሽ አይፈቀድም።