ሊሚቱ ግማሽ ነው፣ ኤክሴል ግን ዜሮ ይለኛል

ጤና ይስጥልኝ። አራት ኪሎ የምማር የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ካልኩለስ የምትችሉ ድረሱልኝ፤ የቤት ሥራው ነገ ጠዋት ይሰበሰባል።

ጥያቄው ይሄ ነው፦ ከ1 ላይ የኤክስን ኮሳይን ቀንሰን ለኤክስ ስኩዌር ስናካፍል፣ ኤክስ ወደ 0 ሲጠጋ ሊሚቱ ስንት ነው? በሎፒታል ሕግ ላዩንም ታቹንም ሁለት ጊዜ ዲፈረንሺየት አደረግሁ፤ 1/2 መጣ። እዚህ ድረስ ሰላም ነው።

መምህራችን ግን "በኤክሴል አረጋግጡ" አሉን። ኤክስ 0.1 ሲሆን 0.49958 ይላል። 0.01 ሲሆን 0.499996። አሪፍ! 0.00000001 ሳስገባ ግን ጭራሽ ድፍን 0። ማዕዘኑ በራዲያን ነው፣ እሱን አይቻለሁ። ጓደኛዬ "የሚይዘው 15 አሃዝ ያህል ስለሆነ ኮሳይኑን 1 አድርጎ ያጠጋጋዋል" ይላል። ይሁን፤ ታዲያ ግማሹን በቁጥር እንዴት ላሳይ? ቀመሩን ወደ ሳይን መቀየር ይቻላል ያለኝ ልጅም ነበር፤ እንዴት እንደሆነ ሳይነግረኝ ከታክሲ ወረደ።

በዚያው ላይ፣ በቴሌግራም የተላከልን የአማርኛ ኖት ስልኬ ላይ ሲከፈት ትርጉም የሌለው የፈረንጅ ፊደልና ምልክት ብቻ ነው። ፒያሳ አንድ ፕሪንት ቤት ግን ቁልጭ ብሎ ተነበበ። ዩኒኮድ ባልሆነ የድሮ ፎንት የተጻፈ መሰለኝ። በነጻ የሚቀይር መንገድ የምታውቁ አላችሁ? ላፕቶፕ የለኝም፤ ያለኝ አንድሮይድ ስልክ ብቻ ነው።

ለሊሚቱ መልሱን ብቻ ሳይሆን መንገዱንም ጻፉልኝ። ሰሌዳ ላይ ወጥቼ ማስረዳቴ አይቀርም።