«አብሽር» አማርኛ ነው ወይስ አይደለም?

ጥያቄ፣ ከኮምቦልቻ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለሥራ ወደዚህ ከመጣሁ ገና ነኝ። ከደሴ ስንመለስ፣ ሐረጎን እየወረድን፣ አጠገቤ የነበሩ አዛውንትን መንገዱ አዞራቸው። «አብሽር አባባ» አልኳቸው። ከኋላ አንድ ወጣት ቀበል አድርጎ «አብሽር አማርኛ አይደለም፤ አይዞህ ነው የሚባለው» አለኝ። ታክሲው ሙሉ ሰው እየሰማ! ማን ነው ልክ?

መልስ፣ ከደሴ፦
እህቴ፣ መጀመሪያ አንቺ አብሽሪ።

ልጁ ግማሽ እውነት ይዟል። ቃሉ ከአረብኛ ነው የመጣው። እዚያ «የምሥራች፣ ደስ ይበልህ» እንደማለት ነው። እኛ ወሎዬዎች ትንሽ አዞርነው። የምሥራቹ ባይደርስም ይደርሳል ብለን ለታመመውም፣ ለከሰረውም፣ ፈተና ለወደቀውም እንለዋለን። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይለዋል፤ አዲስ አበባም ገብቷል። ከውጭ የመጣ ቃል ሁሉ ይውጣ ካልን ሱቃችንም ፒያሳችንም ሊቀሩብን ነው።

ደግሞ ቃሉ ባዳ አይደለም። «ብሥራት» እና «አበሠረ» የሥር ዘመዶቹ ናቸው። የአረብኛው «ሸ» በግእዝ ብዙ ጊዜ በንጉሡ «ሠ» ይመጣል። የእኛ ዐሥር እነሱ ዘንድ «ዐሽር» ነው። (ብሥራትን በእሳቱ «ሰ» ተጽፎ ሳይ እጄን ይበላኛል። ግን ዝም እላለሁ።)

የሚገርመኝ እርባታው ነው። ለወንድ አብሽር፣ ለሴት አብሽሪ፣ ለብዙ አብሽሩ። ልክ እንደ ተማር፣ ተማሪ፣ ተማሩ። አረብኛውም እኮ ለሴት በ«ኢ»፣ ለብዙ በ«ኡ» ነው የሚጨርሰው። ቃሉ ወደኛ ሲሻገር ልብስ መቀየር እንኳ አላስፈለገውም።

ወደ አንቺ ልምጣ። ቃሉ ልክ ነው፤ አንቱታው ነው የጎደለው። የአባትሽን እኩያ «አንተ» ብለሻቸዋል። «አብሽሩ አባባ» ቢሆን ያምርልሽ ነበር። ደስ ያለኝ ግን አራሚሽም «አይዞህ» ማለቱ ነው! እሱም «አይዞዎት» ማለት ነበረበት። አንቱታውን ትቶ አረብኛውን ያዘ።

ደግሞስ ሰው እያጽናናሽ ሳለ በመሀል ገብቶ ቃል ማረም ምን የሚሉት ነው? ኮምቦልቻ ስትወርዱ ጠጋ ብሎ «እህቴ፣ አንድ ነገር ልበልሽ?» ቢል ምን ይጎድልበት ነበር? እኔም ሰው ማረም እወዳለሁ፤ ግን ለብቻው ነው።

ሌላ አስተያየት፣ ከደሴ፦
በ«አብሽሩ» አልስማማም። እኛ ሰፈር ለብዙ ሰው ነው የምንለው። ለትልቅ ሰው ብቻውን «አላህ ያሽርዎት» ይሻላል።

መልስ፦
ለታመመ ሰው እውነትሽን ነው። ሐረጎ ላዞረው ግን «ያሽርዎት» ትንሽ ይበዛል። ሜዳው ላይ ሲደርስ ይለቀዋል እኮ።