አንድ ሰው፣ አምስት ስም፤ የፈረስ ስም ማን ያወጣ ነበር? በማውጫስ የት ይግባ?

ጥያቄ፦ ከማውጫ አዘጋጅ

ጤና ይስጥልኝ። ከአፄ ቴዎድሮስ ዘመን እስከ ጣሊያን ወረራ ያለውን ጊዜ ለሚተርክ አንድ የታሪክ ጽሑፍ የስም ማውጫ እያዘጋጀሁ ነው። በጽሑፉ ውስጥ አንዱ ሰው በአንድ ገጽ በልደት ስሙ፣ በሌላው ገጽ በማዕረጉ፣ ሲለጥቅም በፈረሱ ስም እየተጠራ ይመጣል። ደጃዝማች ካሳ፣ አባ በዝብዝ እና አፄ ዮሐንስ አንድ ሰው መሆናቸውን የሚያውቅ አንባቢ ዛሬም ብዙ ነው። አባ ጥጉ ሲባል ራስ ጎበናን፣ አባ ሻንቆ ሲባል ንጉሥ ሚካኤልን ወዲያው የሚያስታውስ ግን እያነሰ መጥቷል። ይባስ ብሎ ማዕረግ ራሱ አንድ ቦታ አይረጋም፤ ደጃዝማች ተፈሪ በ1909 ዓ.ም. ራስ፣ በ1921 ዓ.ም. ንጉሥ፣ በ1923 ዓ.ም. ደግሞ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሆነው ይመጣሉ።

የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያው፣ የፈረስ ስም የሚባለውን ማን ያወጣው እንደነበረና ከማዕረግና ከቅጽል ስም በምን እንደሚለይ ነው። ሁለተኛው፣ አንባቢ ሳይደናገር የፈለገውን ሰው እንዲያገኝ በማውጫው የትኛው ስም ቀዳሚ መሆን እንዳለበት ነው። በተለይ ለመጀመሪያው ጥያቄ፣ ያለ ምሳሌ ከሚሰጥ ትርጓሜ ይልቅ በታወቁ ሰዎች ላይ ተመሥርቶ የሚሰጥ ማብራሪያ ይጠቅመኛል።

መልስ፦ ባለ ብራና

ጥያቄዎ ጥሩ ነው፤ ብዙ ጊዜ እነዚህ ስሞች ሁሉ በአንድነት ‹‹ቅጽል›› እየተባሉ ስለሚታለፉ ልዩነታቸው ተድበስብሶ ቀርቷል። እኔ የምለያቸው በሰጪያቸው ነው። የልደት ስም የወላጅ ነው። የክርስትና ስም የካህን ነው፤ ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ሲጠመቁ ይወጣል፤ የሚነሣውም በቤተ ክርስቲያን በጸሎትና በፍትሐት ጊዜ እንጂ በአደባባይ አይደለም። ማዕረግ የንጉሥ ነው፤ የሰጠ ንጉሥ ሊሽረውም ይችላል። ስመ መንግሥት ከዘውድ ጋር አብሮ የሚመጣ ነው፤ ዘርዐ ያዕቆብ ቆስጠንጢኖስ፣ ሠርጸ ድንግል መለክ ሰገድ፣ ፋሲለደስ ዓለም ሰገድ፣ ቀዳማዊ ኢያሱ አድያም ሰገድ መባላቸው ከዚህ ወገን ነው።

የፈረስ ስም ከእነዚህ ከየትኛውም አይደለም። ባለቤቱ ለጦር ፈረሱ ስም ያወጣል፤ ከዚያ በኋላ እርሱ ራሱ የዚያ ፈረስ ‹‹አባ›› ተብሎ ይጠራል። ስሙን ስም የሚያደርገው ግን ሠራዊቱና አዝማሪው ነው። ጌታው ፈረሱን የፈለገውን ቢለው፣ ወታደር ሲፎክር ‹‹የእገሌ አሽከር›› ብሎ ካላነሣው፣ አዝማሪም በግጥሙ ካላስገባው፣ ስሙ ከበረት አይወጣም። በዚህ ምክንያት የፈረስ ስም ከታች ወደ ላይ የሚጸድቅ ብቸኛው የክብር ስም ነበር ብዬ አምናለሁ። ማዕረግ በአዋጅና በሽልማት ይመጣል፤ የፈረስ ስም ግን በሰው አፍ ይጸናል።

ስሞቹን ጠጋ ብለው ቢመለከቱ ብዙዎቹ ለፈረሱ የተሰጡ ትእዛዞች ይመስላሉ። ታጠቅና በዝብዝ ግልጽ ትእዛዝ ናቸው፤ የምኒልክ ዳኘውና የራስ መኮንን ቃኘውም እንደ ትእዛዝ ይነበባሉ፤ እንደ ተፈጸመ ድርጊትም ሊነበቡ ይችላሉ፤ ለፎካሪ የሚመቸውም ይህ ነው። የራስ አሉላ አባ ነጋ፣ የፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ ግን ከዚህ ወጣ ያሉ ናቸው። አባ መላ የሚለው ለሀብተ ጊዮርጊስ እንዴት እንደገጠመላቸው ማንም የሚያየው ነው፤ ከጦር መሪነታቸው ባልተናነሰ በዳኝነታቸውና በብልሃታቸው ስማቸው የተነሣ ሰው ናቸውና።

ሌላው ጥቅሙ መለያ መሆኑ ነው። ካሳ ኃይሉ በየካቲት 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም፣ ካሳ ምርጫ በጥር 1864 ዓ.ም. በአክሱም ነገሡ። የቤተሰብ መጠሪያ በሌለበት አገር፣ በአንድ ትውልድ ውስጥ ሁለት ካሳዎች ለዙፋን ሲነሡ፣ አባ ታጠቅ ካሳ እና አባ በዝብዝ ካሳ ብሎ መለየት የአባት ስም ከመቁጠር ይልቅ ይቀላል፤ ለግጥምም ይመቻል።

መልስ፦ ጊቤ ማዶ

ባለ ብራና ያሉት በአብዛኛው ልክ ነው፤ ሆኖም ጉዳዩን ከሰሜኑ ቤተ መንግሥት ብቻ ማየት ግማሹን መተው ይሆናል። በፈረስ ስም መጠራት በኦሮሞ ዘንድ ሥር የሰደደ ነው፤ በጊቤ መንግሥታት ነገሥታቱ ራሳቸው ለታሪክ የቀሩት በዚሁ ስማቸው ነው። የጅማው አባ ጅፋር የሚታወቀው በየትኛው ስሙ ነው? በፈረሱ ስም ነው። ስለዚህ በሸዋና በጎንደር የፈረስ ስም በማዕረጉ ጎን የሚሄድ ተጨማሪ ስም ሲሆን፣ በጅማ ዋናውን ቦታ ይዞ የንጉሡ ስም ሆኗል። ለማውጫ ሥራዎ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም፤ አባ ጅፋርን በልደት ስም አስገባለሁ ቢሉ ማንም አያገኛቸውም። ደግሞም አባ ጅፋር የተባሉ ሁለት ነገሥታት ስላሉ፣ በ1920ዎቹ ያረፉት ዳግማዊው መሆናቸውን መለየት ያስፈልግዎታል።

ሌላ የምጨምረው፣ ይህ ስም የመሳፍንት ልጆች ርስት እንዳልነበረ ነው። ደጃዝማች ባልቻም ሆኑ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ በልጅነታቸው በጦርነት ተማርከው ቤተ መንግሥት የገቡና በአገልግሎታቸው ያደጉ ሰዎች ናቸው። የትልቅ ቤት ልጅ ለሆነ ሰው የአባቱ ስም ብቻውን ይናገርለታል፤ ለእነርሱ ግን አባ ነፍሶና አባ መላ የሚሉት ስሞች የትውልድ ሐረግ የሚሠራውን ሥራ ሠርተውላቸዋል። ዛሬም ቢሆን ባልቻ ሲባል የአባታቸውን ስም የሚያስከትል ሰው ጥቂት ነው፤ ባልቻ አባ ነፍሶ የማይል ግን የለም።

ከታች ወደ ላይ የሚጸድቅ ‹‹ብቸኛው›› የክብር ስም ነው በሚለው ግን አልስማማም። እምዬ ምኒልክ የሚለውን ማን ሰጠው? ንጉሠ ነገሥቱ ለራሳቸው እናት የሚል ስም አላወጡም፤ ሕዝቡ ነው ያወጣላቸው። አባ ዳኘው የጦር ሜዳው ስማቸው ነው፤ እምዬ የርኅራኄያቸው ነው። ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ ሳይጋጩ መኖራቸው የሚያሳየው እያንዳንዱ ስም የራሱ ጊዜና የራሱ ጠሪ እንደነበረው ነው።

መልስ፦ ባለ ብራና

እምዬን በተመለከተ ተረትቻለሁ፤ ‹‹ብቸኛው›› የሚለው ይነሣልኝ። አንድ ነገር ግን ልጨምር። የምኒልክን ማኅተምና የደብዳቤ ራስጌ ያየ ሰው ‹‹ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ፣ ዳግማዊ ምኒልክ፣ ሥዩመ እግዚአብሔር፣ ንጉሠ ነገሥት ዘኢትዮጵያ›› የሚለውን ያገኛል። ዳኘውም የለበትም፣ እምዬም የለበትም። የግእዙ ስም ለወረቀትና ለውጭ መንግሥታት፣ የአማርኛው ስም ለሠራዊትና ለሕዝብ ሆኖ ነበር። ስለዚህ በደብዳቤ ክምችት ላይ ብቻ የሚሠራ ተመራማሪ የፈረስ ስም ብርቅ ይመስለዋል፤ ግጥምና ፉከራ የሚሰበስብ ደግሞ ከፈረስ ስም በቀር ሌላ ስም የነበራቸው አይመስለውም።

ጥያቄ፦ ከማውጫ አዘጋጅ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሁለት ነገር ላክል። የሴቶቹስ ነገር እንዴት ነው? እቴጌ ጣይቱ በዐድዋ የራሳቸውን ጦር ይዘው ዘምተዋል፤ በጽሑፌ ውስጥ ግን በፈረስ ስም የሚጠሩበት ቦታ የለም። ሁለተኛው፣ ቃኘው የሚለው ቃል በጽሑፉ መጨረሻ አካባቢ ከራስ መኮንን ጋር በማይገናኝ ሁኔታ ደጋግሞ ይመጣል፤ አንድ መግቢያ ይበቃዋል ወይስ መከፋፈል አለበት?

መልስ፦ የዘበኛ ልጅ

ቃኘው ይከፋፈላል። ከፈረሱ ስሙ ወደ ባለቤቱ ወደ ራስ መኮንን ተላለፈ፤ አባ ቃኘው ተባሉ። ልጃቸው ከነገሡ በኋላ በ1943 ዓ.ም. ከክብር ዘበኛ ተውጣጥቶ ወደ ኮሪያ የዘመተውን ጦር በአባታቸው ፈረስ ስም ቃኘው ሻለቃ አሉት። ቀጥሎም አሜሪካኖች አሥመራ ላይ የነበራቸው የመገናኛ ሰፈር ቃኘው ጣቢያ ተባለ፤ እስከ 1969 ዓ.ም. ድረስም በዚሁ ስም ቆየ። በሐረርጌው ገዢ ፈረስ ስም የሬዲዮ አንቴናዎች የተተከሉበት ግቢ ሲጠራበት ማየት አስገራሚ ነው፤ እዚያ ያገለገሉት አሜሪካኖች ስለ ፈረሱ ስንቱን ያውቁ እንደነበር እንጃ። ለማውጫው ግን ሰውየው፣ ሻለቃውና ጣቢያው ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸውና ሦስት መግቢያ ይኑራቸው።

ይህ ከሰው ወደ ነገር የሚደረግ የስም ጉዞ በአዲስ አበባም በሰፊው ይታያል፤ ራስ መኮንን ድልድይ፣ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ፣ ደጃች ውቤ ሰፈር የሚሉትን ማንሣት ይበቃል። በመጨረሻው ላይ ደጃዝማች የሚለው ማዕረግ ወደ ደጃች ማጠሩን ልብ ይበሉ፤ በማውጫ ውስጥ የሰፈሩን ስም ‹‹አስተካክላለሁ›› ብለው ደጃዝማች ውቤ ሰፈር እንዳያደርጉት አደራ።

መልስ፦ ጊቤ ማዶ

ስለ ሴቶቹ በአጭሩ፦ ታውቀው የቀሩት የፈረስ ስሞች የወንድ ጦረኞች ናቸው፤ ስሙ ከግዳይና ከፉከራ ጋር የተያያዘ ስለነበር ነው። ለሴቶቹ ክብር የሚገለጸው በማዕረግና በማኅተም ነበር። ጣይቱ እቴጌ ከሚለው በተጨማሪ ‹‹ብርሃን ዘኢትዮጵያ›› የሚል ስም ነበራቸው። ዘውዲቱ በ1909 ዓ.ም. ሲነግሡ ደግሞ ለሴት የተዘጋጀ የንጉሠ ነገሥትነት ማዕረግ ስላልነበረ ‹‹ንግሥተ ነገሥታት›› ተባሉ፤ እቴጌ ማለት የንጉሥ ሚስት ማለት ሆኖ ስለቆየ ለራሷ ለነገሠች ሴት አይበቃም ነበር።

የፈረስ ስም የቀረውም በአዋጅ አይደለም። ማዕረጎቹን ደርግ በመጋቢት 1967 ዓ.ም. ሽሯቸዋል፤ የፈረስ ስምን ግን የሻረው የለም። በአርበኝነቱ ዘመን በላይ ዘለቀ አባ ኮስትር ይባሉ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ፈረሰኛ ጦር ቦታውን ለመኪናና ለመድፍ ሲለቅ ስሙን የሚያወጣበትም፣ የሚጠራበትም አደባባይ አልቀረለትም።

መልስ፦ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ

ወደ ማውጫው እንመለስ። በአገራችን ልማድ ሰው የሚገባው በራሱ ስም ሆኖ የአባት ስም ይከተለዋል፤ ማዕረግ ከኋላ ይቀመጣል። በማዕረግ ቢጀምሩ ፊደል ‹‹ደ›› እና ‹‹ራ›› ሥር ግማሹ መጽሐፍ ይከማችብዎታል። ለነገሡት ስመ መንግሥታቸው ቀዳሚ ይሁን፤ ከመንገሣቸው በፊት የነበረው ስም ወደዚያው ይመራ። ስለዚህ ‹‹ተክለ ሃይማኖት፣ ንጉሥ (አዳል ተሰማ)›› ብለው ያስገቡና ‹‹አዳል ተሰማ›› በሚለው ቦታ ‹‹ተክለ ሃይማኖትን ይመልከቱ›› ይበሉ። ያልነገሡት ላይ የመጨረሻውን ማዕረግ ብቻ ይጻፉ፤ የሹመት ደረጃዎቹን በሙሉ መዘርዘር የጽሑፉ እንጂ የማውጫው ሥራ አይደለም።

ለፈረስ ስም ደግሞ አባ የሚለውን ወደ ኋላ ይውሰዱት፦ ‹‹ጥጉ፣ አባ፤ ጎበና ዳጬን ይመልከቱ››፤ በዋናው ቦታም ‹‹ጎበና ዳጬ፣ ራስ (አባ ጥጉ)›› ይሁን። ይህን የምለው በምክንያት ነው። አባ የመነኮሳትና የጳጳሳትም መጠሪያ ስለሆነ፣ ኮምፒዩተሩ በራሱ ፈቃድ በፊደል ተራ ሲያሰልፋቸው ቴዎድሮስን ቀብተው ያነገሡት አባ ሰላማ ከአባ መላና ከአባ ሻንቆ መካከል ይገኛሉ፤ ጳጳስን ከፈረሰኞች ጋር ማሰለፍ ደግሞ ለማንም ክብር አይደለም። አባ ጅፋር ግን፣ ጊቤ ማዶ እንዳሉት፣ የንጉሥ ስም ሆኖ ስለጸና ሳይገለበጥ በ‹‹አ›› ይግባ።

የፊደሉን ነገር ከመጀመሪያው ይወስኑ። ሀብተ ጊዮርጊስ በአንዱ ምዕራፍ በ‹‹ሀ››፣ በሌላው በ‹‹ሐ›› ከተጻፈ አንዱ ሰው ሁለት ሆኖ ይወጣል፤ ሣህለ ሥላሴም በ‹‹ሠ›› እና በ‹‹ሰ›› መካከል እንዲሁ ይንከራተታሉ። በጽሑፉ ውስጥ ብዙ ጊዜ የተደጋገመውን አጻጻፍ ይምረጡና ሌላውን ወደ እርሱ ይምሩት። እምዬ የሚለውን ግን ለብቻው ማስገባት አያስፈልግም፤ ያለ ምኒልክ ስም ብቻውን የመጣበት ገጽ ካለ ብቻ ይጨምሩት።

ከማውጫ አዘጋጅ

አሁን ጥርት አለልኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ። እምዬ ለብቻው የመጣበት አንድ ገጽ ስላለ እርሱን አስገባለሁ፤ ቃኘውንም ለሦስት ከፍያለሁ። አባ ኮስትርን ደግሞ ‹‹ኮስትር፣ አባ፤ በላይ ዘለቀን ይመልከቱ›› ብዬ በ‹‹ከ›› ሥር አስቀምጬዋለሁ።