ክረምቱን ሱሉልታ፣ ኮስተር ውስጥ ልናሳልፍ ነው፤ ምን እናዘጋጅ?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። ከባለቤቴ ጋር ከእንጦጦ ማዶ፣ ሱሉልታ ላይ ቤት እየሠራን ነው። ግድግዳው ቆሟል፣ ጣሪያው ግን ለጥቅምት ነው። የኪራይ ቤታችንን በሰኔ መጨረሻ እንለቃለን። ዘመድ ጋ እንዳንጠጋ ሲሚንቶና ፌሮ ሜዳ ላይ ጥሎ መሄድ አልሆነልንም። ስለዚህ ድሮ የምሠራበትን ኮስተር ወንበሮቹን አውጥቼ አልጋና ትንሽ ማብሰያ አስገባሁበት። ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ግቢው ውስጥ አቁመን እንኖርበታለን።

ባለፈው ሳምንት ሁለት ሌሊት ሞከርነው። ጠብታ ዝናብ አልነበረም። ጠዋት ስንነቃ ግን ከኮርኒሱ ጠብ ጠብ ይላል፣ የባለቤቴ ጋቢ ጫፉ ርሷል። ያፈሳል ብዬ ጣሪያውንና የመስኮቱን ዙሪያ ሁሉ በሲሊኮን ደፈንኩት። ሦስተኛው ሌሊትም ያው ሆነ።

ያማከርኩት ሰው ሁሉ "ከሰል አስገቡ፣ ይሞቃል፣ እርጥበቱም ይደርቃል" ይለኛል። ይሄ ልክ ነው? መሬቱ ዋልካ ስለሆነ መኪናው እንዳይሰምጥስ? መብራት ከጎረቤት ልሳብ ወይስ ሶላር ልግዛ?

መልስ፣ ከአንዲት እናት

ልጄ፣ ከሁሉ በፊት ከሰሉን ተወው። የታናሽ እህቴ ባል ሰበታ በኩል የአንድ ግንባታ ጥበቃ ነበር። የሚያድረው ቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ነው። አንድ የነሐሴ ሌሊት ከሰሉን ውጭ አቀጣጠለ፣ ጭሱ ሲያልቅለት ፍሙን አስገብቶ በሩን ዘግቶ ተኛ። ሌሊት ሽንቱ ቀሰቀሰው። ልነሳ ሲል ጉልበቱ ከዳው። በደረቱ ተስቦ በሩን በክርኑ ገፋ። ጠዋት ጭቃው ላይ ተዘርግቶ አገኙት። ተመስገን፣ ተርፏል።

ሰው ጭሱ ካለቀ ደህና ነው ይላል። የሚገድለው ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ነው። ሽታ የለው፣ ቀለም የለው፣ የሚወጣውም ከዚያው ከቀላው ፍም ነው። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም ሲጀምር ሰው ብርድ መታኝ ብሎ ይተኛል። አደራ፣ ቡናውም ቢሆን ውጭ ይፈላ። ለማታ ፋርማሲ የሚሸጠውን የሙቅ ውሃ ጎማ ግዙና እግራችሁ ሥር አድርጉት። ጋቢውን ከብርድ ልብሱ በላይ ደርቡ፣ ካልሲም አትርሱ።

መልስ፣ በካምፐር (እንደ ቤት በሚኖርበት መኪና) ከኖረ

ወንድሜ፣ መኪናህ አያፈስም። ጠብ ያለው የእናንተው ትንፋሽ ነው። ሁለት ሰው በአንድ ሌሊት ግማሽ ሊትር ያህል ውሃ በትንፋሽና በላብ ያወጣል። ያ እንፋሎት ቀዝቃዛ ብረት ሲነካ ወደ ውሃ ይመለሳል። መኪናው ውስጥ በቡታጋዝ ካበሰላችሁ ደግሞ አንድ ኪሎ ጋዝ ሲቃጠል አንድ ኪሎ ተኩል ያህል ውሃ በእንፋሎት ይወጣል። ሁሉን ቀዳዳ በደፈንክ ቁጥር ይብሳል።

ጀርመን ሳለሁ የእነሱን ክረምት፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት፣ ሁለት ጊዜ በካምፐር አሳልፌያለሁ። ቦታው አልጋርቭ ነው፣ ደቡብ ፖርቱጋል፣ ውቅያኖስ ዳር። ከጀርመን፣ ከሆላንድ፣ ከእንግሊዝ ጡረተኞች ብርዱን ሸሽተው ወደዚያ ይወርዳሉ። ቀን 16 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ሌሊት 8 ወይም 9 ይደርሳል። የሱሉልታም የክረምት ሌሊት ከዚህ ብዙ አይርቅም። እንደደረስኩ አንድ የሆላንድ ሽማግሌ ሊጠይቁኝ መጡ። ማሞቂያዬን ያዩልኛል ስል ፍራሼን አነሱና ሥሩን በእጃቸው ዳሰሱት። እርጥብ ነበር። በዚያው ቀን ቀጫጭን ጣውላ አምጥተው ርብራብ ሠራንለት።

አንተም ዛሬውኑ ፍራሽህን አንሳና ዳስስ። ከሥሩ አየር ይለፍበት። ስትተኙ በግራ ከፊት አንድ፣ በቀኝ ከኋላ አንድ መስኮት ሁለት ጣት ያህል ክፈቱ። ይበርዳል ብለህ አትፍራ፤ ደረቅ ብርድ በብርድ ልብስ ይቻላል፣ እርጥብ ፍራሽ ግን አይቻልም። ጠዋት መስታወቱን በጨርቅ ጥረግ፣ ጨርቁንም ውጭ ጭመቀው።

መልስ፣ ከጋራዥ

ዋልካ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል። ጎማዎቹ የሚያርፉበትን አራት ቦታ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ቆፍረህ ዋልካውን አውጣ፣ ገረጋንቲ ሙላና እየጠቀጠቅክ ከፍ አድርገው። ላዩ ላይ ወፍራም ጣውላ፣ ከፊትና ከኋላ ታኮ። መኪናውን በብሎኬት እንዳትደግፈው፤ መሃሉ ባዶ ስለሆነ ድንገት ይሰበራል። ዙሪያውን ቦይ ቁፈር። ይሄን ሁሉ ሰኔ ሳይገባ ጨርስ፣ ከዚያ በኋላ ገረጋንቲ የጫነ መኪና ራሱ አይገባልህም።

ሌላው ዳስ ነው። ባህር ዛፍ አቁምና ለቤቱ የገዛኸው ቆርቆሮ ካለ ከመኪናው ጣሪያ አንድ ክንድ ከፍ አድርገህ ጣለው። ምስማር የበሳውን ቀዳዳ በኋላ ትደፍነዋለህ። ዝናቡ መኪናውን አይነካውም፣ በረዶ ሲጥልም ጆሮ አይበሳም። በበሩ በኩል ሁለት ሜትር አስረዝመው፣ ማብሰያችሁ እዚያ ይሁን።

ሲሊኮኑን ግን እየው። የኮስተር መስኮት ሀዲድ ግርጌው ላይ ውሃ ማውጫ ቀዳዳዎች አሉት። እነሱን ደፍነህ ከሆነ ዝናቡ ሲጀምር ውሃው ወደ ውስጥ ይመለሳል። በምላጭ አንሳው።

መልስ፣ ከኤሌክትሪሺያን

ሶላር ብቻ ሐምሌና ነሐሴን አያሻግርህም፣ ደመናው ቀኑን ሙሉ ሊውል ይችላል። ከጎረቤት ሳብ፣ ግን ተጠንቀቅ። መኪናው በጎማ ላይ የቆመ ብረት ነው። የተላጠ ገመድ አካሉን ከነካ መኪናው ሁሉ ኤሌክትሪክ ይሆናል፤ አንድ እግሩን ጭቃ ላይ አድርጎ እጀታውን የያዘውን ሰው ይመታዋል። ገመዱ በቋሚ ላይ ይለፍ፣ መቀጠያ አይኑረው። የመሬት ሽቦ ይታሰርለት፣ ኤሌክትሪክ ሲያፈተልክ የሚቆርጥ ብሬከርም ይግባ። መብረቅ ሲያይል ንቀለው። ለመብራትና ለስልክ 100 አምፒር አወር ባትሪ ይበቃችኋል፣ ከግማሽ በታች ግን አታውርደው። ምጣድ እዚያ ላይ አታስብ፣ ከ3000 ዋት በላይ ይጠይቃል።

መልስ፣ ከሱሉልታ ነዋሪ

ግቢህ ሜዳው ላይ ነው ወይስ ዳገቱ ሥር? ሜዳው ሐምሌ ላይ ውሃ ይተኛበታል፣ አዲስ የተቆፈረ ሽንት ቤትም ይሞላል። ለሽንት ቤቱ ከፍ ያለውን ጥግ ምረጥ፣ ከጉድጓድ ውሃ 30 ሜትር ይራቅ። ለእጥበት የዳሱን ውሃ ወደ ሮቶ አስገባ።

ጠያቂው

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። እናቴ፣ ከሰሉን ዛሬ ለጎረቤት ሰጥቼዋለሁ። ፍራሹን አነሳሁት፤ በባለቤቴ በኩል መዳፍ የሚያህል ቦታ ጠቁሮ ሻግቷል። ሁለት የመስኮት ቀዳዳም በሲሊኮን ደፍኜ አገኘሁ፣ ከፍቻቸዋለሁ። ግቢያችን ዳገቱ ሥር ነው። ገረጋንቲው ቅዳሜ ይገባል፣ ባህር ዛፉንም አዝዣለሁ። ትናንት ማታ እንደተባልነው ሁለቱን መስኮት ሁለት ጣት ከፍተን አደርን። በርዶናል። ጠዋት ጋቢው ደረቅ ነበር።