ከጅማ የተላከ ጥያቄ፦ በዚህ ፎቶግራፍ ላይ አያቴ የዘመቱት የት ነው?

የሂርማታ ልጅ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው በእናቴ ቤት ሳሎን ከልጅነቴ ጀምሮ ተሰቅሎ ስለኖረ አንድ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ምክራችሁን ለመጠየቅ ነው። ፎቶው የእናቴ አባት በወታደር ልብስ ከአንድ ጓደኛቸው ጋር ቆመው የተነሡት ነው። አያቴ ያረፉት በ1978 ዓ.ም.፣ ሃምሳ አምስት ዓመት ገደማ ሲሆናቸው፣ እኔ ሳልወለድ ነበር። ስለዚህ የማውቃቸው በዚህ ፎቶ ብቻ ነው። በቤታችን ሲነገር የኖረውም «አባባ ማይጨው ዘምተዋል» የሚል ነው።

ባለፈው ክረምት ጣሪያው አፍስሶ ክፈፉ ስለረጠበ ፎቶውን ለማዳን ከኋላ ስከፍተው፣ ጀርባው ላይ «ጥቅምት 44» የሚል የእጅ ጽሑፍና ከሥሩ ቻይንኛ የሚመስሉ ፊደላት ያሉበት የደበዘዘ ማኅተም አገኘሁ። አጎቴ «44 በፈረንጅ 1944 ነው፤ ከእንግሊዞች ጋር ሆነው ይሆናል» ይላሉ። እኔ ግን ማኅተሙን ከዚህ ጋር ማስማማት አልቻልኩም።

በፎቶው ላይ የሚታየውን ልግለጽ። ሁለቱም የለበሱት ወገብ ላይ የሚያልቅ አጭር የሱፍ ጃኬት ነው። ክንዳቸው ላይ ክብ ምልክት አለ፤ ነገር ግን ጠቁሯልና በውስጡ ምን እንዳለ አይለይም። ሜዳልያ አይታይም። ስለ ሕይወታቸው ቤተሰቡ የሚያውቀው ደግሞ ይህን ብቻ ነው፦ ገና ጎረምሳ ሳሉ ከቡና ነጋዴዎች ጋር በመኪና ወደ አዲስ አበባ ሄዱ፣ ለብዙ ዓመታት ጠፉ፣ ከተመለሱ በኋላ ሴት አያቴን አግብተው እስኪሞቱ ድረስ እዚሁ ጅማ መርካቶ አካባቢ የቡና መጋዘን ጠበቁ። ስለ ውትድርናቸው ሲጠየቁ ዝም ይሉ ነበር። የት እንደ ዘመቱ ማወቅ ይቻል ይሆን? ፎቶው አንደኛው ጥግ ከመስተዋቱ ጋር ተጣብቋል፤ እሱንስ እንዴት ላድርገው?

ጡረተኛ የታሪክ መምህር

ክቡር ጠያቂ፣ በመጀመሪያ ማይጨውን ከመንገዳችን እናንሣ። የማይጨው ጦርነት የተካሄደው መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። በነገሩን ዕድሜ ከተነሣን አያትዎ ያን ጊዜ የአምስት ዓመት ልጅ ነበሩ። ቤተሰብዎ አውቆ አላሳሳተዎትም፤ በብዙ ቤት «ዘመቻ» ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው ማይጨው ስለሆነ፣ የሌላ ዘመቻ ታሪክ ቀስ በቀስ ወደ እሱ ተስቦ ይገባል።

የአጎትዎ ግምትም አይቆምም። በአማርኛ የወር ስም የጻፈ ሰው ዓመቱን በፈረንጅ አይቆጥርም፤ «ጥቅምት 44» ጥቅምት 1944 ዓ.ም. ነው። ይህም በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ1951 ጥቅምትና ኅዳር ላይ ያርፋል። በዚያ ወር ደግሞ የኢትዮጵያ ወታደሮች ከአገር ውጭ በአንድ ጦር ሜዳ ላይ ነበሩ፤ እሱም ኮሪያ ነው። ከክብር ዘበኛ ተውጣጥቶ የተመሠረተው የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ በሚያዝያ 1943 ከአዲስ አበባ በባቡር ወደ ጅቡቲ ወርዶ፣ ከዚያ በአሜሪካ መርከብ ተጓጉዞ በዚያው ወር መጨረሻ ፑሳን ወደብ ደረሰ። በጦሩ አዛዥ በኮሎኔል ከበደ ገብሬ ሥር ሻለቃውን የመሩት ሌተና ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ ነበሩ። ሻለቃው የተመደበው በአሜሪካ ጦር 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር፣ ከ32ኛው ሬጅመንት ጋር ሲሆን፣ የጦር መሣሪያውም የደንብ ልብሱም ከአሜሪካኖቹ የተሰጠ ነበር። ወገብ ላይ የሚያልቀው አጭር የሱፍ ጃኬት የዚያ ዘመን የአሜሪካ ወታደር ልብስ ነው።

ክንዳቸው ላይ ያለው ክብ ምልክት ለምን ጠቁሮ እንደሚታይም መገመት ይቻላል። የ7ኛው ክፍለ ጦር ምልክት በቀይ ክብ ላይ የተሰፋ ጥቁር የአሸዋ ሰዓት ነው፤ ሁለት ሦስት ማዕዘኖች ጫፍ ለጫፍ የተጋጠሙ ይመስላል። ቀይና ጥቁር በጥቁርና ነጭ ፎቶ ላይ ተቀራርበው ስለሚወጡ ምልክቱ አንድ ጥቁር ክብ መስሎ ይቀራል። ፎቶውን በመስኮት ብርሃን ይዘው በአጉሊ መነጽር የክቡን መሐል ይመልከቱ፤ የሁለቱ ሦስት ማዕዘኖች መገናኛ እዚያ ላይ ጠበብ ብሎ መታየት አለበት።

ማኅተሙን በተመለከተ፣ ቻይንኛ ከመሆኑ ይልቅ ጃፓንኛ የመሆን ዕድሉ እጅግ የሰፋ ነው፤ ቻይናውያን በዚያ ጦርነት በተቃራኒው ወገን ተሰልፈው ነበርና። በኮሪያ የሚዋጉ የተባበሩት መንግሥታት ወታደሮች ለጥቂት ቀናት ዕረፍት ወደ ጃፓን ይላኩ ነበር፤ በዚያም ፎቶ ቤት ገብቶ መነሣት የተለመደ ነበር። ውስብስብ በሆኑት ፊደላት መካከል ቀለል ያሉና ጠምዘዝ ያሉ ፊደላት ካሉ ጃፓንኛ ነው፤ ክብ ቀለበትና ቀጥ ያሉ መስመሮች የበዙበት ከሆነ ደግሞ ኮሪያኛ።

የዘማች ልጅ

መምህር ያሉትን አከብራለሁ፤ ነገር ግን አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። በፎቶ ጀርባ ላይ የተጻፈ ቀን ፎቶው የተነሣበት ቀን ላይሆን ይችላል። የእኔ አባት የዘመቱት ከሁለተኛው ቃኘው ጋር ሲሆን፣ በፎቶዎቻቸው ጀርባ የጻፉት አገር ቤት ከገቡ ከዓመታት በኋላ ነው፤ አንዱን ፎቶም በሌላ ዓመት መዝግበውት አግኝተናል። ስለዚህ ጽሑፉ የአያትዎ የራሳቸው እጅ መሆኑን ከሌላ ፊርማቸው ጋር ቢያስተያዩ መልካም ነው። በኋላ ወደ ኮንጎ ከተላከው ጦር ጋር እንዳይምታታ ግን አይስጉ፤ ኮንጎ የተዘመተው ከ1952 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ነው፤ የዚያ ዘማቾችም ሰማያዊ የራስ ቁር ወይም ቆብ ያደርጉ ነበር።

ይበልጥ መናገር የምፈልገው ግን ስለ ዝምታቸው ነው። ጥያቄዎን ሳነብ አባቴን አየሁ። ሰዎች የዘማቾችን ዝምታ ከጦርነቱ ሕመም ጋር ብቻ ያያይዙታል፤ ያ ሕመም አለ። በኮሪያ ከ120 በላይ ኢትዮጵያውያን ወድቀዋል፣ ከ500 በላይ ቆስለዋል፣ አንድም ሰው ግን አልተማረከም፤ የወደቀ ጓድ ሬሳም ለጠላት አይተውም ነበር። በጀርባው ሬሳ ተሸክሞ ተራራ የወረደ ሰው ይህን ለልጆቹ ለማውራት አይቸኩልም።

ሆኖም ዝም ያሰኛቸው ሌላ ምክንያትም ነበር። ቃኘው የወጣበት ክብር ዘበኛ በታኅሣሥ 1953ቱ የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ውስጥ ዋናው ጦር ነበር። ከዚያ ወዲህ «የክብር ዘበኛ ነበርኩ» ማለት ለብዙዎች ጥርጣሬን የሚጋብዝ ቃል ሆነ። ያ ሲረሳ ደግሞ ደርግ መጣ። ደርግ ከሰሜን ኮሪያ ጋር ወዳጅ ስለነበረ፣ በደቡቡ ወገን ተሰልፎ መዋጋት የሚነገር ታሪክ አልነበረም፤ ሜዳልያቸውን የደበቁ፣ ፎቷቸውን ያቃጠሉ ዘማቾች አሉ። አባቴ ሜዳልያቸውን በጤፍ ጎታ ውስጥ ቀብረው ነበር። አያትዎ በ1978 ያረፉት በዚያ ዘመን መካከል ነው። ፎቶውን ሳሎን ግድግዳ ላይ ማስቀረታቸው ራሱ፣ «ማይጨው ነው» በሚል ሽፋንም ቢሆን፣ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ምናልባት ሽፋኑን የሰጡት እሳቸው ራሳቸው ይሆኑ ይሆናል።

ሜዳልያ በቤት ውስጥ ካለ ፈልጉት። የተባበሩት መንግሥታት የኮሪያ ሜዳልያ ጥብጣቡ ሰማያዊና ነጭ ቀጫጭን መስመሮች ያሉት ሲሆን፣ ለኢትዮጵያውያን የተሰጠው ጽሑፉ በአማርኛ ነው። አዲስ አበባ ሲመጡ ደግሞ አፍንጮ በር አካባቢ ባለው የመታሰቢያ ስፍራ የኮሪያ ዘማቾች ማኅበርን ይጠይቁ። ፎቶውን በእጅዎ ይዘው ይሂዱ፤ በስልክ ከመግለጽ ይልቅ አንድ አዛውንት ፎቶውን አይተው የሚሉት ይበልጣል።

አንድ ነገር አይርሱ፦ ሁለት ወታደሮች አብረው ፎቶ ቤት ሲገቡ ሁለት ቅጂ ያሳጥባሉ። የጓደኛቸው ቤተሰብም ይህንኑ ፎቶ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ «ይኼኛው ማን ይሆን?» እያለ ሊሆን ይችላል።

የቤተ መዛግብት ሠራተኛ

ወደ መዝገብ ከመሄድዎ በፊት የስሙን ጉዳይ አስቀድመው ያጥሩ፤ ብዙ ፍለጋ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። በጅማ አንድ ሰው በሰፈሩ የሚታወቀው «አባ» በሚል በሚጀምር መጠሪያ ሊሆን ይችላል። የጅማው ንጉሥ አባ ጅፋር እንኳ ታሪክ የሚያውቃቸው በፈረስ ስማቸው ነው። («ቃኘው» የሚለው የሻለቃው መጠሪያም ከራስ መኮንን የፈረስ ስም መወሰዱን ልብ ይሏል።) በዚያ ላይ በዚያ ዘመን ከየክፍለ ሀገሩ መጥተው ውትድርና ሲቀጠሩ ስማቸውን የቀየሩ፣ ወይም መዝጋቢው እንደመሰለው የጻፈላቸው ብዙዎች ናቸው። ስለዚህ የሰፈር ስም፣ የቤት ስም፣ የአባትና የአያት ስም፣ ሃይማኖት ከተለወጠም የቀድሞውንና የኋላውን ስም ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፉ። በአሜሪካኖቹ ዝርዝር ውስጥ ስሙ በላቲን ፊደል የተጻፈው ጸሐፊው እንደ ሰማው ነውና፣ አንዱን ስም በሦስትና በአራት ዓይነት አጻጻፍ መፈለግ ግድ ይሆናል።

ስሙን ለማግኘት ሩቅ አይሂዱ። የዕድሩን የድሮ ደብተር ይጠይቁ፤ አባል የሆኑበትን ዓመትና የተመዘገቡበትን ሙሉ ስም ያገኙበታል። የጡረታ ደብተር ከነበራቸው እሱ ከሁሉ ይበልጣል። ከዚያ በኋላ የ1943 እና የ1944 የአዲስ ዘመን ጋዜጣ እትሞችን አዲስ አበባ ባለው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ማየት ይቻላል።

ስለ ፎቶው፦ ከመስተዋቱ ጋር የተጣበቀውን ጥግ በፍጹም እንዳይጎትቱት፤ ወረቀቱ ቢለቅም ምስሉ መስተዋቱ ላይ ይቀራል። በውኃም በእንፋሎትም አይሞክሩት። ከነመስተዋቱ በጥላ ሥፍራ፣ ብርሃን ከሁለት ጎን እንዲመጣ አድርገው ፎቶ ያንሡት፤ ጀርባውን ደግሞ ብርሃን ከአንድ ጎን ብቻ ዝቅ ብሎ እንዲያርፍበት አድርገው ያንሡት፤ የደበዘዘ ማኅተም እንዲህ ሲሆን ይነበባል። ላሚኔት አያስደርጉት። የጅማ እርጥበት ሻጋታ ስለሚያመጣ ከውጭ ግድግዳ ላይ አንሥተው ደረቅ ቦታ ያኑሩት።

የሂርማታ ልጅ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የነገራችሁኝን በሦስት ሳምንት ውስጥ የቻልኩትን ያህል አድርጌያለሁ።

የክንዱን ምልክት በአጉሊ መነጽር ስመለከተው መምህር እንዳሉት መሐሉ ላይ ጠበብ የሚል ነገር አለ፤ አንዴ ካዩት በኋላ ከዓይን አይጠፋም። ማኅተሙን በጎን ብርሃን አንሥቼ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ጃፓንኛ ለሚያነብ ሰው ሳሳየው «ቶኪዮ» የሚለውን አነበበልኝ፤ የቀረው ግን አልተነበበም። ጽሑፉን በቤት ውል ላይ ካለው ፊርማቸው ጋር አስተያየሁት፤ የ«ጥ» አጣጣላቸው አንድ ነው። የዕድሩ ደብተር ላይ ደግሞ እኛ የማናውቀው የአባት ስም ተጽፏል፤ እናቴም እስከ ዛሬ አልሰማችውም ነበር።

ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝ የአያቴ ባለቤት ነገር ነው። ዕድሜያቸው ከሰማንያ አምስት አልፏል። ቡና ተፈልቶ ሳለ ፎቶውን በእጃቸው ሰጥቼ «እማማ፣ አባባ ስለ በረዶ ነግረውዎት ያውቃሉ?» ስላቸው ሳቁና፣ ባላቸው አንድ ቀን «በረዶ ላይ ተኝተን አድረናል» ብለዋቸው እንደነበር አወሩኝ። እኛ አገር በረዶ ማለት ከዝናብ ጋር ጣሪያ ደብድቦ ወዲያው የሚቀልጥ ነገር ስለሆነ እማማ ቀልድ መስሏቸው ነበር። «እንዴት ይተኛበታል? ብዬ ሳቅሁባቸው፤ ከዚያ በኋላ አላነሡትም» አሉኝ። ይህን ሲናገሩ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

በሚቀጥለው ወር ሁለቱንም ስሞች ይዤ አዲስ አበባ እሄዳለሁ። እስከዚያው የዘማች ልጅ ያሉትን በማሰብ ስለ ሁለተኛው ሰው ልጻፍ። ከአያቴ በግማሽ ራስ ይረዝማሉ፣ ቀጠን ያሉ ናቸው፣ የግራ ቅንድባቸው ላይ እንደ ጠባሳ ያለ ነጭ መስመር ይታያል፣ ቀኝ እጃቸውን አያቴ ትከሻ ላይ አሳርፈዋል። ከበስተኋላቸው የተሳለ ተራራና ዛፍ ያለበት መጋረጃ አለ። በቤታችሁ ይህ ፎቶ ካለ፣ በግራ በኩል የቆሙት አጭሩ ሰው የጅማ ልጅ ናቸው፤ እባካችሁ ጻፉልኝ።